እናቴ በጀማሪ ስፓኒሽ

ስፓኒሽ ለመማር የተመዘገብኩት ፀጉሬ ከፊት ሸሸት ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ቆቦ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንደ ብዙው መምህር ሻንጣዬን አንጠልጥዬ አዲስ አበባ እሄድና ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። እዚያው ግቢ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ለጀማሪዎች የሚሰጥ የስፓኒሽ ኮርስ እንዳለ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳነብ፣ ዶርም አብሮኝ የሚያድረው የሐይቅ ልጅ «እንግሊዝኛው መቼ አለቀልህና ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

የመጀመሪያው ቀን መምህራችን አንድ በአንድ ለምን ልንማር እንደመጣን ጠየቁን። አንዱ አስጎብኚ ነው፤ ላሊበላ ለሚመጡ እንግዶች ይሆነኛል አለ። አንዷ ተከታታይ ድራማ ያለ አስተርጓሚ ማየት ፈልጋ ነው። አንድ ኳስ ወዳድ ደግሞ ተጫዋቾቹ ዳኛውን ምን እያሉ እንደሚሰድቡት ሳላውቅ መሞት አልፈልግም ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «እህቴ ስፔን ናት» አልኩ።

«ልትሄድ ነዋ!» አለኝ ኳስ ወዳዱ።

«አይ፣ የምትመጣው እሷ ናት።»

«ታዲያ እህትህ አማርኛ ጠፋባት እንዴ?»

ለቀልድ ነበር ያለው። እኔ ግን ቂም ያዝኩበት። መምህራችን ልጅ ሆነው ወደ ኩባ ተልከው እዚያ ያደጉ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ቢሆንም አንዳንዱ ቃል ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ ዜማ ይሰማበታል። ከክፍል ስንወጣ ጎኔ መጥተው «ስትሄድ ስንት ዓመቷ ነበር?» አሉኝ። ሦስት አልሞላትም አልኳቸው። «እኔስ አሥር ሞልቶኝ ነበር» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ።

እህቴ እንዴት እንደሄደች ልናገር። አባታችን በሞተ በዓመቱ ዝናቡ ከዳን፤ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቆሞ ደረቀ። በላዩ ላይ እናቴን ሳል ጣላት። ያን ጊዜ ልጆች እየተቀበሉ ውጭ አገር ለሚያሳድጉ ሰዎች የሚሰጡ አሉ ተባለ። እኔ አጎቴ ቤት ገባሁ፣ ትንሿ እህቴ ለነሱ ተሰጠች። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በእኛ በራያ ልጅን ለዘመድ፣ ለወዳጅ፣ ልጅ ላጣ ጎረቤት ሰጥቶ ማሳደግ ነውር አይደለም፤ ከጥንት የነበረ ነው። የተሰጠ ልጅ ሁለተኛ እናት ያገኛል እንጂ የመጀመሪያዋን አያጣም። ለበዓል ይመጣል። ሲያገባ ሁለቱም ቤት ይደገሳል። እናቴ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ የገባት ይህ ነበር። «አሳድጉልኝ አልኩ እንጂ ውሰዷት መቼ አልኩ» ትል ነበር በኋላ። የመጀመሪያውን ዓመት ለአረፋ ትመጣለች ብላ ቀሚስ አሰፍታ ጠበቀቻት። ቀሚሱን ከብዙ ዘመን በኋላ የኔ ልጅ ለበሰችው።

እህቴ ጎልምሳ ራሷ አፈላልጋ አገኘችን። በሰው በሰው ስልኬን አግኝታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፈችልኝ። አንድ ጊዜ ተደዋወልን። እናቴ ድምጿን እንደሰማች እንባዋ ቀደማት፤ ወዲያ ማዶም ለቅሶ ሆነ፤ በመሀል እኔ ስልኩን ይዤ ተገትሬ ቀረሁ። ሁለቱም ብዙ ተናገሩ፤ አንዳቸውም የሌላዋን አልሰሙም። ከዚያ ወዲያ እናቴ ስልክ አልነካም አለች።

«እኔ ሳለቅስ እሷንም አስለቅሳታለሁ። ምን አጠፋች?» አለችኝ። «አንተ ተምረሃል ልጄዋ። ቋንቋዋን ልመድና የምልህን ጻፍላት። ስትመጣም መሀላችን ትቀመጥና ታናግረናለህ።»

እህቴ የሚቀጥለው ክረምት፣ እነሱ በጋ በሚሉት ወራት፣ እመጣለሁ ብላ ነበር። እናቴ ከዚህ ዓለም የቀራት ጉዳይ ይህ ብቻ ነበር፤ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ፣ የሆዷን ነግራት፣ ልጇም ሰምታ እንድትመልስላት። ስልክ ይተረጉም የለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ይተረጉማል፣ ኢንተርኔት ሲኖር። በእኛ በኩል ካለበት የሌለበት ጊዜ ይበልጣል፤ አጭር መልእክት ብቻ ነው የሚሄደው። እህቴም እንግሊዝኛዋ ከኔ ቢብስ እንጂ አይሻልም። ስለዚህ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ቁጭ ብዬ ተማርኩ።

በጀማሪ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ኑሮ ያስቀናል። ሁሉም ሰው ደህና ነው። ቤቱ ትልቅ፣ ውሻው ትንሽ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ፤ አየሩ ይሞቃል ወይም ይበርዳል። ማንም አይታመምም፣ ማንም አይሞትም፣ ልጁን ለሰው የሚሰጥም የለም። የቤተሰብ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የዘር ሐረጋችንን ስለን ሰሌዳ ፊት ቆመን እንድናስረዳ ታዘዝን። እኔም ወጣሁና «ኤስታ ኤስ ሚ ኤርማና። ቢቤ ሌኾስ» አልኩ። ይህች እህቴ ናት፣ ሩቅ ትኖራለች ማለት ነው። አንድ ሕፃን የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን ስጨርስ ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው መለስኩ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ እንዴት ይስቁብኝ ነበር። ኳስ ወዳዱ ከኋላ «አብሽር፣ ወንድሜ» አለኝ። በዚያ ክረምት ቂሜን የተውኩለት ያን ጊዜ ነው።

መስከረም ላይ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ቆቦ ተመለስኩ። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ዘወር ስትል፣ እናቴ ጓሮ ካለችው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ምንጣፏን ታነጥፋለች፤ እኔ ስልኬን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «በላት እንግዲህ፣ አንቺን ከሰጠሁ ወዲህ እህል በአፌ ይገባል እንጂ ሆዴ አይደርስም። እሸት ሲደርስ አንዲት ራስ ማሽላ ሳላስቆርጥ ላንቺ አስቀራለሁ። ወፏ መጥታ ትበላዋለች። እኔም አላባርራት። ልጄ የላከቻት ብትሆንስ እላለሁ በላት።»

ወፍ የምትለዋን ቃል ገና አላገኘሁም። ማሽላ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ በቆሎ ግን አለ። መላክ አለ፣ «ብትሆንስ» የለም። ብዙ አሰብኩና ጻፍኩ፦ እናታችን ታስብሻለች። በቆሎ አለን። በጣም ይሞቃል።

«ጻፍክላት?»

«ጻፍኩ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ስልኩን ተቀብላ የማታነበውን ፊደል አገላብጣ አየችው። «ኸረ አጭር ነው» አለችኝ።

«ቋንቋቸው አጭር ነው እማ።»

ወላሂ፣ ለሷ አዝኜ ነው እንዲህ ያልኳት። የኔን አጭርነት ለሰው አገር ቋንቋ ሰጠሁት።

መልስ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እህቴ ለኔ ብላ በቀላሉ ነበር የምትጽፈው፤ ሥራ አለኝ፣ ደህና ነኝ፣ እዚህም ይሞቃል፣ ሰላም በልልኝ። ወደ አማርኛ ስመልሰው ግን ቋንቋው የራሴ ነው፣ ማን ይከለክለኛል? «እናቴዋ፣ ዓይንሽን እስካይ ቀኑ አልመሽ ብሎኛል ትልሻለች» እላታለሁ። እናቴ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ለጎረቤት ትናገራለች። እንዲህ እየሆነ እናቴ የወሎ አንደበት ያላት ልጅ አገኘች። ልጇ ያገኘችው ግን ስለ አየር ጠባይና ስለ በቆሎ የምታወራ እናት ነበር። እህቴ አንድ ጊዜ «እናታችን ትንሽ ነው የምትናገረው፣ አይደል?» ብላ ጻፈችልኝ። እናቴን የሚያውቅ የቆቦ ሰው ይህን ቢሰማ በሳቅ ይሞታል። እኔ አልሳቅሁም። በርታና ተማር፣ ክረምት ሳይደርስ ታቃናዋለህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ኅዳር ሲገባ ሳሉ ተመለሰባት። ሆስፒታል ወሰድናት፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ተሽሏት መጣች፣ ደግሞ ወደቀች። ቃል የምታወጣበት ቀን ነበር፣ የማታወጣበት ቀንም ነበር። ባልተናገረችበት ቀንም እኔ እጽፍ ነበር፤ እህቴ ጠዋት ጠዋት «ብዌኖስ ዲያስ፣ ማማ»፣ እንደምን አደርሽ እማ፣ እያለች እየላከች እንዴት ዝም ይባላል? ደህና ነኝ ልጄ እላለሁ። ዛሬ ይሞቃል እላለሁ። እናቴ ነቅታ ስጠይቃት በዓይኗ እሺ ትለኛለች።

ታኅሣሥ ላይ፣ ማሽላው ተወቅቶ ሲያልቅ፣ ሞተች። የዚያኑ ቀን ቀበርናት። ቤቱ በለቀስተኛ እንደተሞላ አጎቴን ከሰው ለይቼ «ለልጅቷስ?» አልኩት።

«ለልጅቷ ምን?»

«ልንገራት ወይ?»

አጎቴ የሰደብኩት ያህል አየኝ። «መርዶ በስልክ? አብደሃል? ማን ይደግፋታል? ውሃ ማን ያቀብላታል? በሰው አገር አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቁጭ ብላ እናትሽ ሞተች ትባላለች? ጠላትም ለጠላቱ አያደርገው። ትምጣ። እዚህ ሰው ተሰብስቦ፣ ተይዛ፣ በወግ ይነገራታል።»

ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ሽማግሎችም እንዲሁ አሉ። እኔም ከዚሁ አፈር የበቀልኩ ነኝ፤ እውነት መስሎ ታየኝ። እስከ ዛሬ አጎቴ ተሳሳተ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። አገሩን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳኝ አውቃለሁ፤ ልጁ ሩቅ ያለ ሰው ሲሞት መርዶው ይደበቃል፣ ይቆያል፣ የሚነገርበት ሰዓትና የሚነግሩት ሰዎች ይመረጣሉ። መደበቁ ክፋት የለበትም፤ ሐዘኑን በጋራ ለመሸከም ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መመለሴን ቀጠልኩ። ደህና ነኝ ልጄ። እጠብቅሻለሁ። ይህን «እጠብቅሻለሁ» የሚል ቃል ስንት ጊዜ ጽፌ እንደሰረዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ክረምት ደረሰ፣ መጣች። አዲስ አበባ ተቀበልኳት። ግንባሯ የእናቴ ነው። ስትቀመጥ ቀሚሷን ከሥሯ የምትሰበስበው የእናቴ አሰባሰብ ነው፤ ማን አስተማራት? በመንገድ ላይ ሻንጣዋን ከፍታ ባትሪ የሚሞላ ትንሽ የእጅ ማራገቢያ አሳየችኝ። እናቴ ሁልጊዜ ይሞቃል ስለምትል የገዛችላት ነው። ለካ ከላክሁላት ነገር ሁሉ እሷ አጥብቃ የያዘችው ይህን ኖሯል። «ቦኒቶ» አልኳት፤ ቆንጆ ነው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቆቦ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ ጎብዬ ላይ፣ በአጎቴ ትእዛዝ አክስቴ ቤት አደርን። እናታችን ደክሟታል፣ ነገ ጠዋት እናያታለን አልኳት። አክስቴ እራት አቀረበችልንና ከእህቴ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትገጣጠም ጓዳ ገብታ ቀረች። እህቴ ግን ደስ ብሏት ነበር፤ «ብዌኖስ ዲያስ»ን በአማርኛ እንዴት እንደሚሉት ከኔ አጥንታ ተኛች።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቆቦ ገባን። ግቢያችን ሰው ጢም ብሎበታል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩን ተከትለው ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አልቀረም። ድምፅ የለም። የእኛ ሰው ማልዶ በቤቱ ደጅ ይህን ካየ ማንም አንድ ቃል እንዲነግረው አይፈልግም፤ እበሩ ላይ ይጮኻል፣ ሰውም ተቀብሎት ይጮኻል። መርዶ በእኛ ዘንድ በአፍ አይነገርም ማለት ይቻላል። የተሰበሰበው ሰው ራሱ ይናገራል።

እህቴ እበሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ፊቷ በራ። «ቶዶስ ፖር ሚ?» አለችኝ። ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ?

አጎቴም፣ ሽማግሎቹም፣ እኔም ይህን አላሰብነውም። ሰው ሁሉ ልቅሶዋን ይጠብቃል፤ እሷ ፈገግ ብላ እጇን ዘርግታ ገባች። «እንደምን አደራችሁ» እያለች በተማረችው አማርኛ አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ሴቶቹ መጮህ አልቻሉም፣ መሳቅም አልቻሉም። እያንዳንዷን አሮጊት ስታቅፍ ቀና ብላ ፊቷን ታጠናለች፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ እናቷን እየፈለገች ነበር። ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዲት ጎረቤታችን ዘንድ ስትደርስ ቆየች። ቀይ ናቸው፣ እናቴን በመጠኑ ይመስላሉ። «ማማ?» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ቃሉ ገባቸው። አይደለሁም ማለት አቃታቸውና አቀፏት። እህቴ አንገታቸው ውስጥ ገብታ ማልቀስ ጀመረች፣ የደስታ ለቅሶ። ግቢው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

«ንገራት እንጂ» አለኝ አጎቴ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ያንን ቃል ቀድሜ አጥንቼው ነበር። ጠጋ ብዬ ትከሻዋን ያዝኩና «ማማ ሙሪዮ» አልኳት፤ እናታችን ሞተች። ያቀፈቻቸውን ሴትዮ አየች፣ እኔን አየች። ደገምኩላት። ያኔ ሴቶቹ ለቀቁት፤ ታፍኖ የከረመ ጩኸት በአንዴ ወጣ። አጎቴ እንዳለው ተያዘች፣ ተደገፈች፣ ውሃ ቀረበላት። ሁሉም በወጉ ተደረገ። እሷ ግን አልጮኸችም። በሰው ክንድ መሀል ቆማ «ኩዋንዶ?» አለችኝ፤ መቼ?

«ዲሲየምብሬ» አልኩ፣ ታኅሣሥ።

ክንዶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችና ቤት ገባች። ተከትዬያት ገባሁ። የእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አውጥታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ማን ይመልስልኝ ነበር ስትል ጠየቀችኝ። እኔ አልኩ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ፤ ተቆጥቶ ለተሳደበ ሰው የሚባል ነገር አይጠፋም። አንገቷን ደፍታ መልእክቶቹን ወደ ላይ፣ ወደ ድሮዎቹ ትገፋ ጀመር። እናቴ በሕይወት ወደነበረችበት ጊዜ።

አንዱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ይሄስ? አለችኝ።

የሷ ነው አልኩ። እናታችን ናት የተናገረችው፣ እንዲህ ግን አላለችም፣ ብዙ ነው ያለችው፣ የሚያምር ነገር ነው ያለችው። ልነግራት ሞከርኩ። አፌ ላይ የሚመጡልኝ ቃላት ቤት፣ ገበያ፣ ትልቅ፣ ትንሽ ነበሩ። እህቴ በትዕግሥት ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈች። ይሄስ? የሷ ነው። ይሄስ? እሱም የሷ ነው። ፊቷን አየሁትና እንደማታምነኝ አወቅሁ። ከሞተች በኋላ በእናቴ ስም የጻፍኩትና እናቴ በእውነት ያለችው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም የኔ ስፓኒሽ ነው። በውሸቱ ላድናት ብዬ የእውነቱን አጠፋሁባት።

በመጨረሻ ኅዳር ላይ ደረሰች፣ እናቴ ታማ የተኛችበት ወር። ደህና ነኝ ልጄ ይላል መልእክቱ። ዛሬ ይሞቃል። እወድሻለሁ። እህቴ «እወድሻለሁ» የሚለው ላይ ጣቷን አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። እናቴ ያን ቀን ዓይኗን ገልጣ ይህን በልልኝ ብላኝ እንደሁ፣ ተኝታ ሳለች እኔ ከራሴ የጻፍኩት እንደሁ ለማስታወስ ታገልኩ። ሌሎቹን ሁሉ የሷ ናቸው ብያለሁ፤ ይህንንም ማለት እችል ነበር። ግን እውነቱን አላውቀውም።

«ኖ ሴ» አልኳት፤ አላውቅም።

ስልኳን አጠፋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ስለ አንዱም አልጠየቀችኝም።